ጣቢያው የቆመበት መሬት

ለክቡር ከንቲባ ኦኖፍሬ ላክሳማና
የሳንታ ፌሊሳ ከተማ ማዘጋጃ ቤት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ፣ ቤተሰብዎና አዲሱ መኪናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ከተማችን እርስዎን ያጣች ቀን ሪባን የሚቆርጥላት ስለማይኖር፣ እግዚአብሔር ዕድሜዎን እንዲያረዝምልዎት ዘወትር እለምናለሁ። እኔ ኤፒፋኒዮ ማግባኑዋ፣ ሚስቴን ሮሲንግን ከቀበርኩ ወዲህ ሩዜን ራሴ የምቀቅል፣ ትምህርቴም ከሦስተኛ ክፍል ያላለፈ ሽማግሌ፣ ደህና ነኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ለእሳት አደጋና ለነፍስ አድን ሠራተኞች፣ ለቤተሰቦቻቸውም፣ ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስ ትምህርት በሰጡበት ጉባኤ ላይ፣ በሥራ ላይ የሞተው የአርኒል አባት ነው ተብዬ ከፊት ወንበር በክብር ተቀምጬ ነበር። ጉባኤው ሲያበቃ ጸሐፊዎ አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። የእሳት አደጋ ጣቢያው የቆመበትን መሬቴን ለማዘጋጃ ቤቱ በስጦታ እንድሰጥ ነው። «አባባ፣ ዕድሜዎም ገፍቷል፤ እንዲህ ያለውን ነገር በጊዜ መጨረስ ነው» አለኝ። አባትዎ ከሃያ ዓመት በፊት ያንን መሬት ለጣቢያ ሲለምኑኝ፣ እጅ ለእጅ ተጨባብጠን፣ አንድ ማሰሮ የኮኮነት ጠጅ ጠጥተን ነው የለቀቅሁላቸው፤ ስጦታ ነው ያለ የለም፣ ወረቀትም አልነበረም። ለጸሐፊዎ እስክሪብቶውን መልሼ መልሱን በጽሑፍ አደርሳለሁ አልኩት። ይኸው መልሱ። ምስጋና ሳያስቀድሙ መልስ መስጠት ግን ነውር ነውና በቁጥር ላቅርብ።

፩ኛ፦ በአዳራሹ በር ላይ ስለተሰቀለው ትልቅ ሸራ አመሰግናለሁ። የእርስዎ ፊት የበር ያህል፣ የልጄ ፊት የሳህን ያህል ሆናችሁ ጎን ለጎን ታትማችኋል። አራት ዓመት የሞላት የልጄ ልጅ ሊየን ቀና ብላ አየችና «ሎሎ፣ ይሄ ትልቁ ሰውዬም ተቃጥሎ ነው?» አለችኝ፤ ሎሎ የምትለው አያቷን፣ እኔን ነው። «የለም የኔ ልጅ፣ እሱ ምንም አልሆነም» አልኳት።

፪ኛ፦ የጉባኤውን ወጪ የሬሳ ሳጥን ነጋዴ እንዲሸፍን ማድረግዎ የአርቆ አሳቢነትዎ ምልክት ነው። ከብስኩቱና ከጭማቂው በኋላ ዕጣ ወጣ፤ ለጣቢያው መኪና ሹፌር ለኔስቶር የሳጥን ዋጋ ቅናሽ ደረሰው። ጓደኞቹ «ሂድና ተለካው እንጂ!»፣ «ሰፋ አርገው ይሥሩልህ፣ ቦርጭህ አይገባም!» እያሉ ሳቁበት። እሱ አልሳቀም። የኮፕራው፣ የደረቅ ኮኮነቱ መጋዘን ተቃጥሎ ጣሪያው በልጄ ላይ የወረደ ዕለት ጎትቶ ያወጣው እሱ ነው፤ የእጁ ቆዳ ገና አልዳነም።

፫ኛ፦ ከዋናው ከተማ ያስመጡልን ጠበቃ «ወረቀታችሁን አሟሉ» ሲሉ ቃላቸው ማር ነበር። የጣቢያው ልጆች ምን እንደሚያምኑ ግን የነገራቸው የለም። እዚያ ቤት፣ ወረቀቱን ሁሉ ፈርሞ የጨረሰ ሰው ለሞት «ዝግጁ ነኝ፣ ና» እንዳለው ይቆጠራል። ስለዚህ እያንዳንዱ አውቆ አንድ ወረቀት ሳይፈርም ያስቀራል። ኔስቶር ሞተር ብስክሌቱን በስሙ አላዛወረም። አዛዡ የጡረታ ቅጹን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎበታል። ልጄ አርኒል ያስቀረው የሊየንን የልደት ምዝገባ ነው። ስትወለድ ተረኛ ነበር፤ በመዝገቡ ላይ በአባት ስም ቦታ ያለው ባዶ መስመር ነው። እናቷ ማይላ «ኧረ ሂድና ፈርም፣ ልጅ እኮ ናት፣ ክታብ አይደለችም» ብላ ስትጨቀጭቀው፣ «ተይኝ እስቲ፤ እሷን ሳልፈርም እኔ አልሞትም» ይላት ነበር። አዛዡም ይህን እየሰማ አብሮ ይስቅ ነበር እንጂ፣ እጁን ይዞ መዝገብ ቤት አልወሰደውም። ትምህርትዎ ልጄ በተቀበረ በሰባት ወሩ ስለደረሰልን፣ ስለ ፍጥነቱ እጅ እነሣለሁ።

፬ኛ፦ ስለ ቀብሩ ሥርዓት ምን ብዬ ላመስግን? በአገራችን ፍቺ የሚባል ስለሌለ፣ ልጄ በሕግ የዴልያ ባል ሆኖ ነው የሞተው። ዴልያ ሆንግ ኮንግ ለሥራ እንደሄደች ቀርታ ሌላ ኑሮ ይዛለች፤ አልፈርድባትም፣ የሰው ሆድ ባዕድ አገር ይራባል። ለቀብሩ በአውሮፕላን መጣች፤ ባንዲራው ታጥፎ ለእሷ ተሰጠ፣ እርስዎም አብረዋት ፎቶ ተነሡ። ማይላ፣ ጭስ የጠገበ ልብሱን ስታጥብ የኖረችው፣ ልጇን አቅፋ ከገመዱ ወዲያ ቆማለች። ፖሊሱ «እህቴ፣ ቤተሰብ ብቻ ነው» አላት። «እኔስ ምኑ ነኝ?» ብትለው «እሱን እንኳ ማዘጋጃ ቤት ጠይቂ» አላት። ሄዳ ጠየቀች። ሠራተኛዎ መዝገቡን ገልጦ፣ ሟቹ አንዲት ሚስት እንዳለው፣ ልጅ ግን እንደሌለው በትሕትና አስረዳት። ይህን የሰማ የዴልያ ወንድም፣ የምትኖርበት ቤት ሊሸጥ ነውና እስከ ወሩ መጨረሻ ልቀቂ ብሏታል። ያ ቤት ልጄ በዕረፍት ቀኑ ብሎኬት እየተሸከመ የሠራው ነው። ማይላና ሊየን ከወሩ መጨረሻ በኋላ የት እንደሚያድሩ ጸሐፊዎን ብጠይቀው «አባባ፣ እሱ ከአጀንዳው ውጭ ነው» አለኝ። ስለ ግልጽነቱ አመሰግናለሁ።

አሁን ወደ መሬቱ ልምጣ።

ጠበቃው ካስተማሩን አንዱን ነገር አጥብቄ ይዣለሁ። ሰው ኑዛዜውን ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው በገዛ እጁ ከጻፈው፣ ቀን ካኖረበትና ከፈረመበት፣ ምስክር ሳያሻው ይጸናል አሉ። ተነሥቼ «ፊደሉ ጠማማ ቢሆንስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ እርስዎም ዕንባዎን ሲጠርጉ አይቻለሁ። «ጠማማም ቢሆን የእርስዎ ከሆነ ይበቃል፣ አባባ» አሉኝ። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

እንግዲህ፣ እኔ ኤፒፋኒዮ ማግባኑዋ፣ አእምሮዬ ሳይናጋ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ የእሳት አደጋ ጣቢያው የቆመበትን መሬት ከነዙሪያው ለማይላ ልጅ ለሊየን አወርሳለሁ። መዝገቡ አባት የላትም ይላል፤ እኔ የልጄ ልጅ ናት እላለሁ፣ መሬቱም የእኔ እንጂ የመዝገቡ አይደለም። እስክታድግ ድረስ የምታስተዳድርላት እናቷ ናት። ከጣቢያው ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ደግሞ እኔ ሳልሞት፣ ከዛሬ ጀምሮ፣ ቤት ሠርተው እንዲገቡበት ፈቅጃለሁ። ቀርከሃው ወርዷል። ኔስቶርና አብረውት ተራ የሚገቡ ጓደኞቹ የምሰሶውን ጉድጓድ እየቆፈሩ ነው፤ በዚህ ከተቆጡ ከደመወዛቸው ሳይሆን ከእኔ ይቁረጡ።

ጣቢያው ይነሣ አላልኩም። የሰው ቤት ሲቃጠል ማየት አልሻም፣ የልጄም አልጋ እዚያው ነው። ጣቢያው በመሬቱ ላይ የሚቆይበትን ውል ግን ከእንግዲህ የሚነጋገሩት ከማይላ ጋር ነው። ስትመጣ ወንበር ይስጧት።

ይህ ደብዳቤ ኑዛዜዬ ነው። ለእርስዎ የደረሰውም፣ ገበያው ግድግዳ ላይ ለጥፌው ሕዝቡ የሚያነበውም ፎቶ ኮፒው ነው፤ በእጄ የጻፍኩት ዋናው ካህናችን ዘንድ ተቀምጧል።

ኤፕሪል 14 ቀን 2019

ለክብርዎ ባርኔጣውን የሚያነሣ፣ እስክሪብቶዎን ግን የማያነሣ፣
የአርኒል አባት፣ የሊየን አያት፣
ኤፒፋኒዮ ማግባኑዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጠበቃው «ኑዛዜ የጻፈ እጁን ያውጣ» ሲሉ የእርስዎ እጅ ጭንዎ ላይ እንደነበረ አይቻለሁ። ከወንዙ ማዶ ያሉት ሁለቱ ወንዶች ልጆች፣ ክቡር ሆይ፣ ግንባራቸውም ጆሮአቸውም የእርስዎ ነው፤ ዓሣ ሻጮቹ ሁሉ ያውቋቸዋል፣ መዝገብ ቤትዎ ብቻ አያውቃቸውም። ክፉ አልመኝልዎትም፤ ግን ይፍጠኑ። የእነሱ እናት መሬት ያለው አማት የላትም።