የአያ ሙሄ ክንድ በአባባ ካርድ

ሰኞ

አባባ ከክሊኒክ መንዙማ እያንጎራጎሩ ገቡ። ጠረጠርኩ።

አያቴን አውቃቸዋለሁ። ከክሊኒክ ሲመለሱ መጀመሪያ ሐኪሙን ይረግማሉ፣ ቀጥሎ ጨው የከለከላቸውን ሁሉ፣ ከዚያ መድኃኒት ቤቱን፣ በመጨረሻ ዋጋውን የጠየቅኩ እኔን። ዛሬ ግን ሱቃችን ውስጥ የተሰቀለውን ሽርጥ አንድ በአንድ እየዳበሱ፣ «ሐዋ፣ ያንተ ደም የጎረምሳ ነው ተባልኩ። ከክኒኖቼ አንዱን አስቀሩልኝ» አሉ።

እንግዲያው ሚስት ልፈልግልዎ ወይ አልኳቸው። ሂጂ ወዲያ አሉኝ፣ ግን ፈገግ ብለው።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ያለፈውን ሳምንት ራሳቸውን በሻሽ ጠፍረው ነው የከረሙት። ከቤት ወደ ሱቅ የምትወስደዋን ዳገት አላፊ አግዳሚውን ሰላም የሚሉ እየመሰሉ ያርፉባታል። ደሴ ውስጥ እንዲህ ያለ ጎረምሳ አላየሁም።

ሌላም የገረመኝ አለ። ጠዋት ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ፣ ከክሊኒክ ካርዳቸው ጋር፣ የፕላስቲክ እንሽላሊት ከትቼ ነበር። ካርዱን ሲያወጡ አብራ እንድትወጣ። ቀኑን ሙሉ ስድቤን ስጠብቅ ዋልኩ። ምንም የለም። ኪሱን ፈተሽኩት፣ እንሽላሊቷም የለችም። አባባ ደግሞ እንሽላሊት አይተው ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም።

ማክሰኞ

ለደንበኛ ጨርቅ ላደርስ ኮምቦልቻ ወረድኩ። የሐረጎን ቁልቁለት ጨርሰን ስንወርድ ጃኬቴን አወለቅኩ። ደሴ ብርድ ነው፣ ኮምቦልቻ ሙቀት፣ መሃሉ ጉንፋን።

በዚያው አያ ሙሄ ቤት ጎራ አልኩ። የአባባ የልጅነት ጓደኛ ናቸው። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረዳቸው ሰውን የሚለዩት በድምፅ ነው። ድምፄን አወፍሬ፣ ቆጣሪ ላነብ ነው አልኳቸው። «ግቢ ሐዋ፣ ቆጣሪ አንባቢ የፀጉር ቅባት አይሸትም» አሉኝ። ተሸነፍኩ።

ሻይ እየጠጣን ድንገት፣ «ይሄ ሰይዶ ኪሱ ውስጥ እንሽላሊት ያረባል እንዴ?» አሉ። ሰይዶ የሚሉት አባባን ነው።

«አያ ሙሄ፣ የእርስዎ እጅ አባባ ኪስ ውስጥ ምን ይሠራል?»

ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል፣ እሳቸው ግን ማማሰላቸውን ቀጠሉ። በመጨረሻ ለማንም እንዳልናገር ወላሂ አስባሉኝ። ይሄ ደብተር ደግሞ ማንም አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአያ ሙሄ ደም ግፊት እንደ ኮምቦልቻ ሜዳ ደልዳላ ነው። የአባባ እንደ ጦሳ ተራራ። አባባ ሐኪሙ ሌላ መድኃኒት ይጨምርብኛል፣ ወጪው ይብስብኛል ብለው ፈሩ። ሐኪሙ አዲስ ነው፣ መልካቸውን አያውቅም። ስለዚህ ካፖርታቸውንም ካርዳቸውንም ለአያ ሙሄ ሰጥተው አስገቧቸውና እሳቸው ደጅ ቆመው ጠበቁ። «ሰይድ» ተብሎ ሲጠራ አያ ሙሄ አቤት አሉ። ካርድ ሊያወጡ እጃቸውን ሲከቱ እንሽላሊቷን ጨበጡ። ቢስሚላህ ብለው ወረወሯት፣ ነርሷ ወንበር ላይ ወጣች። ከዚያ ሁሉ ግርግር በኋላ እንኳ ሲለኩ ደልዳላ ሆኑ። ሐኪሙ ተደንቆ አንዱን ክኒን ለጊዜው ይቁም አለ።

በሳቅ ፈረስኩ። ሚኒባሱ ሐረጎን ሲወጣ ግን ሳቄ ቀስ በቀስ አለቀ። የተሰረዘው ክኒን የአያ ሙሄ አይደለማ።

ረቡዕ

አባባ ከዙሁር ሶላት ሲመለሱ ግድግዳ ይዘው ቆሙ። እንደ ልማዳቸው ሰው ሰላም የሚሉ መስሎኝ ነበር። አጠገባቸው ግን ሰው አልነበረም። ሮጬ ደረስኩ። «መሬቱ ነው፣ ትንሽ ዞረ» አሉ። ጥፋቱን ለመሬቱ ሰጡት።

የጎረቤታችን አባት አምና እንዲሁ ግድግዳ ይዘው ቆመው ነበር። እስከ ዛሬ አንድ ጎናቸው አይታዘዝላቸውም።

ክንዳቸውን ይዤ ስንሄድ አንድም ቀልድ አልወጣኝም። አባባም ታወቃቸው። «ምነው ጭጭ አልሽ፣ አመመሽ እንዴ?» አሉ። እኔን።

በቀጥታ ብነግራቸው ይክዳሉ። ባለቅስ ሂጂ ሽርጥ እጠፊ ይላሉ። አባባን በምክር ያሸነፈ ሰው የለም። በእልህ ግን የትም መውሰድ ይቻላል።

ሐሙስ

የነገ ዝግጅት፦

የግፊት መለኪያ፣ ከሰዓዳ። ሰዓዳ አብሮ አደጌ ናት፣ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። እሷ ተምራ ጨረሰች፣ እኔና ትምህርት ዘጠነኛ ክፍል ላይ ተሰነባበትን። ይኸው ትምህርቷ ለእኔም ጠቀመ።

ሽልማት፣ አዲስ ሽርጥ። ከአባባ ሱቅ። አልነገርኳቸውም።

ተሸናፊው ለሁሉም ሻይ ይጋብዛል።

አያ ሙሄ። ስልክ ደውዬ ነገ ጁምዓን ደሴ ይስገዱ አልኳቸው። ምን ልትሠሪ ነው አሉ። ምንም አልኩ። «ያንቺን ምንም እፈራዋለሁ» አሉ። መሬቱ አባባን እንዳዞራቸው ስነግራቸው ግን ቀልዱን ተዉት። በጠዋት እመጣለሁ አሉ።

ዓርብ

ዛሬ የሳቅኩትን ያህል ፈርቻለሁ።

ከጁምዓ በኋላ የአባባ ጓደኞች ሱቃችን ደረጃ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሁሉም የአንድ ቅሬ፣ የአንድ ዕድር ሰዎች ናቸው። ሰው ሲሞት አብረው ይቀብራሉ፣ በሕይወት እያለ ደግሞ አብረው ያሙታል። አባባ ስለ ጎረምሳ ደማቸው ማውራት ሲጀምሩ ሰዓዳን ይዤ ብቅ አልኩ። ዛሬ የግፊት ውድድር አለ፣ ደልዳላ ደም ያለው ሽርጥ ይሸለማል አልኩ።

አባባ ልጅቷ አብዳለች ብለው ሊነሱ ሲሉ አንዱ ሽማግሌ፣ «ጎረምሳው ፈራ» አሉ። አላህ ይስጣቸው፣ የምፈልገው ይችኑ ነበር። አባባ ተመልሰው ተቀመጡ፣ እጅጌያቸውን ትግል እንደሚገጥም ሰው ጠቀለሉ።

ሰዓዳ ለካች። ፈገግታዋ ጠፋ። በሌላው ክንድ ደግማ ለካች። ዝቅ ብላ፣ «አባባ፣ ራስዎን አያምዎትም?» አለቻቸው። ደረጃው ላይ የነበረው ሳቅ ቆመ። አባባ ዕቃው ነው የተበላሸው አሉ።

ያኔ አያ ሙሄ በእጃቸው እየዳበሱ ተነሱ። ክንዳቸውን ዘረጉ። «ሰዎች፣ ክሊኒክ የተለካው የሰይዶ ክንድ ይኸውላችሁ። በይ ልጄ፣ ለኪው።» ሰዓዳ ለካች። ሜዳ። ሽማግሌዎቹ ነገሩ ሲገባቸው እንዴት እንደሳቁ፣ አንደኛው ከደረጃው ሊወድቁ ሲሉ በሰው ተያዙ። አባባ ብቻ አልሳቁም።

አያ ሙሄ፣ «ሰይዶ፣ ብሩ አጥሮህ መስሎኝ ነው የገባሁልህ። አሁን ግን መሬቱ እየዞረብህ ነው አሉ። አንተን ቀብሬ ከማን ጋር ልጣላ?» አሉ።

አባባ ቀና ሳይሉ፣ «ብሩማ ላንተ ዓይን ነው፣ አንተ ድንዝ። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ወስጄ ሞራውን ላስገፍፍልህ ነበር» አሉ።

እኔም ይህን አላውቅም ነበር። አያ ሙሄ ፊታቸውን በፎጣቸው ጠረጉ። «አንተ ከሞትክ በዓይኑ ማንን ልይበት?» አሉ።

ሳላለቅስ ቶሎ ወሬ መቀየር ነበረብኝ። ደግነቱ አንዱ ሽማግሌ የጤና መድኑን አነሱ። የቀበሌው ምዝገባ ክፍት ነው፣ ቀድመህ ትከፍላለህ፣ ስትታመም ይሸፍንልሃል አሉ። አባባ ነቃ አሉ። ይቺ የድሮ ጠባቸው ናት። «በሽታዬን ሳይመጣ ከፍዬ ልጥራው?» አሉ።

«አባባ፣ የቅሬውን እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ይከፍላሉ። ሞት ከፍለው ጠሩት?» አልኳቸው። «ለመቀበሪያዎ ቀድሞ መክፈል ደግ፣ ለመዳኛዎ መክፈል ሟርት። ይሄን ያስተማረዎት የትኛው ሼህ ነው?»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አባባ፣ «ይቺን ምላስ ትምህርት ቤቱ እንዴት ለቀቃት?» አሉ። በእሳቸው ቋንቋ እሺ ማለት ነው።

ሽርጡን አያ ሙሄ ወሰዱ። ሻዩን አባባ ከፈሉ። ሽርጡ ከየት እንደመጣ የገባቸው ሲከፍሉ ነው።

ቅዳሜ

ሁለቱንም ይዤ ክሊኒክ ገባሁ። ነርሷ አያ ሙሄን ስታይ ወንበሯን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

ሐኪሙ ካርዱን አየ፣ አባባን አየ፣ አያ ሙሄን አየ። ሰይድ የትኛችሁ ናችሁ አለ። ሁለቱም ወደ እኔ ጠቆሙ። እኔ ምን አጠፋሁ።

ተቆጣ። እውነቱን ነው፣ በሰው ክንድ መድኃኒት ታዞ ቢሆን ማን ይጠየቃል። ቁጣው ሲበርድ ግን አፉን በእጁ ሲሸፍን አይቼዋለሁ። የተሰረዘውን ክኒን መለሰ። ያን ሁሉ የተፈራውን ጭማሪ ግን አልጨመረም። ይልቅ የአንደኛውን ክኒን ዋጋ ጠይቆ በረከሰ ዓይነት ቀየረላቸው። «አባቴ፣ ዋጋው ሲከብድዎ ለእኔ ይንገሩኝ፣ ሰው አይላኩብኝ» አላቸው። አባባ እንደ ተማሪ እሺ አሉ። እሺ ሲሉ በጆሮዬ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ስንወጣ ነርሷ በፋሻ የተጠቀለለ ነገር ሰጠችኝ። እንሽላሊቴ ናት።

አባባ ለመድኑ ፎቶ ተነሱ። ሰኞ ቀበሌ እንሄዳለን። «ከዛሬ ጀምሮ ካስነጠሰኝ ባንቺ ነው» አሉ። አልሐምዱሊላህ፣ ስድቡ ተመለሰ።

ሐሙስ፣ የካቲት ሲያልቅ

ከቦሩ ሜዳ መመለሳችን ነው። ሳልረሳ ልጻፍ።

ይህን ደብተር ሰንብቼ ነው የከፈትኩት። የመድኑ ካርድ ሥራ ጀምሯል፣ የአባባን ክኒን አሁን እሱ ተሸክሞታል። ለአያ ሙሄ ዓይን የተቀመጠችው ብር ለክኒን አልተነካችም። ሰዓዳ አባባን በየሳምንቱ ትለካቸዋለች። ግፊታቸው ኮምቦልቻ አልገባም፣ ሐረጎ ግን ደርሷል። ዳገቷ ላይ አሁንም ያርፋሉ፣ አሁን ግን እውነትም ሰው ሰላም እያሉ ነው።

ትናንት የአያ ሙሄ አንደኛው ዓይን ሞራው ተገፈፈ። ዛሬ ጠዋት ፋሻው ሊነሳ ሲል አባባ መጀመሪያ እኔን ይየኝ ብለው ፊት ለፊት ቆሙ። ጥምጣማቸውን ሁለቴ አስተካከሉ። እኔ ከኋላ ሆኜ እንሽላሊቷን ትከሻቸው ላይ አስቀመጥኩ። እጄ አላርፍ ብሎ ነው።

ፋሻው ተነሳ። አያ ሙሄ ዓይናቸውን አርገበገቡ። እንባ በእንባ ሆኑ። አባባን ከላይ እስከ ታች አዩና፣ «ሰይዶ፣ እንዴት ነው ያረጀኸው» አሉ። አባባ ጥምጣማቸውን ለሦስተኛ ጊዜ አስተካከሉ። አያ ሙሄ ቀጠሉ፤ «ትከሻህ ላይ ደግሞ እንሽላሊት አለች። አብሽር፣ ፕላስቲክ ናት።»

አባባ ዘለሉ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፣ ሐኪሟም ጭምር። እኔ ግን ያለቀስኩ ይመስለኛል። ፕላስቲክ መሆኗን በዓይናቸው ለይተዋልኮ።

ከዚያ አያ ሙሄ ወደ እኔ ዞሩ። ረጅም ሰዓት አዩኝ። «ሐዋ አንቺ ነሽ?» አሉ። አዎ አልኩ። «ውይ ልጄ፣ ድምፅሽን ስሰማ ቆንጆ ትመስይኝ ነበር።»

አባባ ደሴ እስክንገባ ሚኒባሱ ውስጥ ሲስቁ መጡ። ሁለተኛው ዓይን ቀጠሮ ተይዞለታል። በሁለት ዓይን ሲያዩኝ ምን ሊሉኝ እንደሆነ አላህ ይወቀው።