የሪሞቱ መሰወር

ቅዳሜ፣ መጋቢት 12 ቀን
ከቤት፣ ከሶፋው በግራ በኩል

ለተወደድሽው ልጄ፣ ለአይጢት፦

በከባድ ሐዘን የማስታውቅሽ ነገር ስላለ ተቀምጠሽ አንብቢው። ባለፈው ማክሰኞ የቴሌቪዥናችን ሪሞት ተሰወረ። በቤቱ የምኖረው እኔ ብቻ ስለሆንኩ የተጠርጣሪው ብዛት አያስቸግርም፤ ቢሆንም ሕግ ሕግ ነው ብዬ ምርመራ ከፈትኩ።

እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም እንደ ድሮው ነው፤ እንደ ድሮው ያመኛል ማለቴ ነው። ሱቁም አለ፤ ሰው ቁልፍ መጣሉን አልተወም፣ እኔም መቅረጼን። ሱቁን ትቼ ሩቅ ከተማ ልሥራ ባልሽ ቀን «ከዚህ በር ከወጣሽ ቁልፉን እቀይረዋለሁ» ብዬሽ አልነበር? ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና በማግሥቱ ቀይሬዋለሁ።

ወደ ምርመራው ልመለስ። የመጀመሪያዋ ተጠርጣሪ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ነበረች፤ የዚያን ቀን መቀሷን ልስልላት ይዛ መጥታ ነበር። አብረን እናያቸው እንደነበሩት የሌባ ፊልሞች መርማሪ ወንበር አዙሬ ተቀመጥኩና ማክሰኞ ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት የት እንደነበረች ጠየቅኋት። እርስዎ ፊት ነበርኩ አለች። መልሱ እንዲህ ከተሳካ ልምድ ያላት ናት ብዬ ጥርጣሬዬን አጠነከርኩ። በሁለት ቀን ሦስት ጊዜ በሯን አንኳኳሁ። በሦስተኛው ክሩን ከአፏ አወጣችና፣

«ጋሼ፣ እርስዎ የሚፈልጉት ሌባ ሳይሆን እንግዳ ነው» አለችኝ።

ይህ ቃል መዝገብ ውስጥ አልገባም።

የፊልም ሕጋችንን መቼም አትረሺም። ፊልሙ ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው እናቆመውና አንቺ ለሌባው፣ እኔ ለመርማሪው ጠበቃ ሆነን እንሟገታለን። አይጢት የተባልሽውም አንድ ቀን እንኳ ከአሳዳጁ ከድመቱ ወገን ሆነሽ ስለማታውቂ ነው። ክርክሩ ሲያበቃ ሪሞቱን አቀብልሻለሁ፤ የማስቀጠሉ ሥልጣን ያንቺ ነበር። ከሄድሽ ስምንት ወር ሆነ። አሥራ ሰባት ፊልም ጀምሬ አንዱንም አልጨረስኩም። አሥራ ሰባት ወንበዴ በእኔ የተነሳ እስካሁን አልተያዘም።

በእነዚህ ፊልሞች ምን እንደሚጥመኝ ስትጠይቂኝ ብልሃታቸው ነው እል ነበር። ብቻዬን ሳየው ሌላ ነገር ሆነብኝ። ሌባው ይሸሻል፣ ከተማ ይቀይራል፤ መርማሪው ደግሞ ምን በላ፣ የትኛውን ጫማ አደረገ፣ ለማን ደወለ እያለ ያስባል። የገዛ ሚስቱ እንዲህ አስባለት አታውቅም። ሌባው ቢያዝም ቢያመልጥም የሚፈልገው ሰው አለው፤ ከዚህ ወዲያ ምን ዕድል አለ? የሚያሳዝነው መርማሪው ነው፤ ዱካው ሲጠፋበት ካርታ ላይ አፍጥጦ ይቀራል። በነገራችን ላይ ያንቺን ከተማ ካርታ ገዝቼ ግድግዳው ላይ ሰቅያለሁ። ለጌጥ ነው።

ትናንት ሪሞቱ ተገኘ። በሶፋው ቀኝ በኩል፣ ካንቺ ትራስ ሥር። ማክሰኞ ፊልሙ አሥር ደቂቃ ሲቀረው አቁሜው እጄ እንደ ልማዱ አቀብሎሻል። የሚቀበለው ስላጣ እዚያው ወደቀ። ወንጀለኛው አምኗል፤ መዝገቡ ተዘግቷል።

ልጄ፣ በሄድሽበት የሚያሳድድሽ መልካም ነገር ብቻ ይሁን፤ እሱም ሮጦ ይያዝሽ። እግርሽን እንቅፋት አይንካው። ብርድ ልብስ ደርቢ።

አባትሽ፣ ቁልፍ ቀራጩ

እርማት፦ ከላይ በሁለተኛው አንቀጽ የቤቱ በር ቁልፍ ተቀይሯል ተብሎ የተገለጸው በስህተት ነው። አልተቀየረም፤ እንዳይዝግ በየወሩ ዘይት ይቀባል። በእጅሽ ያለው ይከፍተዋል። በዚያን ቀን ለተፈጠረው ስህተት ቁልፍ ቀራጩ ይቅርታ ይጠይቃል።