ከሳጥን ውስጥ የቆለፍሁት ዋይፋይ

ለውድ ልጄ ለራዊያ ታሂር፤ የአላህ ሰላምና እዝነት በምትሄጂበት ሁሉ ጥላ ይሁንሽ፣ የሰው አገር ሥራም ጉልበትሽን አይስበረው።

እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። የቆቦ ማሽላ ዝናብ አጥቶ ከጉልበት ሳያልፍ ደረቀ፤ እኅትሽ ኢቅራ ግን በሰላም ተገላግላ ወንድ ልጅ ታቅፋለች። የአባትሽን ሞት በስልክ ሰምተሻል፤ ሳትሰነባበቱ የቀራችሁበትን ምክንያት ግን ከእኔ በቀር የሚነግርሽ የለም።

ተከራያችን መምህር ምትኩ፣ መብራት ቢጠፋም እንዳይቋረጥ ብሎ ባትሪ ያለውን ዋይፋይ መርጦ ገዛልን፤ ታሞ በተኛው አባትሽ ራስጌ መስኮቱ ላይ ካስቀመጠው በኋላም ዓይኔን አይቶ፣ «እማማ ዓሊማ፣ ይሄ እኮ ወርቅ አይደለም፤ እንዳይቆልፉበት» ሲል ቀለደብኝ። እኔ ግን በጦርነቱ ጊዜ ቤቴ እስከ ድስቱ ሲዘረፍ ያየሁ ሴት ነኝና፣ እርሱ ወደ ጎብዬ በሄደበት ዓርብ፣ የዋይፋዩ መብራት እስከበራ ድረስ ይሠራል ብዬ ከብረት ሳጥኔ ውስጥ ቆለፍሁበት።

በዚያው ቀን ደወልሽ፤ ምስልሽ ቀጥ ብሎ ቀረ፣ ድምፅሽም ተቆራረጠ። አባትሽ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ፣ «ስትሄድ ስለ ረገምኋት አፉ ትበለኝ፤ ሰማችኝ ወይ?» አለኝ።

«ሰምታሃለች» ብዬ ዋሸሁት። መግሪብ ሳይደርስ ሩሑ ወጣች።

የሳጥኑ ብረት የዋይፋዩን ሞገድ እንዳፈነው የተረዳሁት ምትኩ ተመልሶ ሲነግረኝ ነው።

አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፤ የሚያዝንልሽ ሰው አያሳጣሽ። በአርባው ሰደቃ ደውለሽ፣ አባትሽን አፉ ማለትሽን ሽማግሌዎቹ ይስሙልኝ። እኔን ከዚያ በኋላ፣ ልብሽ ሲችል።

እናትሽ ዓሊማ