አንድ ጊዜ ብቻ ስለተጠየቅሁባት ቀላል የክሪኬት መምቻ

ለክቡር ሚንሄር ሆርስት፣
የዴን ሃግ ክሪኬት ክለባችን የዕቃ ኮሚቴ ሰብሳቢና የሁለተኛው ቡድን ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ትከሻዎ በደኅና እንደሰነበተ ተስፋ አደርጋለሁ፤ የእኔ ትከሻስ ከከዳኝ ቆየ። ይህን በክለቡ ሰሌዳ ላይ የለጠፍሁት እርስዎን ለማሳጣት ሳይሆን፣ ላነጋግርዎ ብጠይቅ የተሰጠኝ ቀጠሮ ከእሑዱ ግጥሚያ በኋላ ስለሆነ ነው። በአማርኛ መጻፌም ሲጨንቀኝ ደችኛው ስለሚጠፋብኝ ነውና፣ የቡድናችን ልጅ ረሆቦት ትተረጉምልዎታለች።

አንደኛ፣ በጸደይ ስለሰጡኝ ከባድ መምቻ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ጀማሪ ብሆን ክብደቱን አላውቀውም ነበር፣ የበቃሁ ተጫዋች ብሆን ደግሞ እችለው ነበር፤ እኔ ግን መካከለኛ ነኝና መምቻዬ የሚደርሰው ኳሷ ካለፈች በኋላ ነው። ጠዋት ስኬቨኒንገን ሆቴል ውስጥ ፍራሽ ሳነሣ እውልና፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የቤት ምሰሶ የሚያህል ዱላ አነሣለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ መምቻ አመራረጥ ያስተማሩንን አልረሳሁም። እጀታውን ከላይ በሚይዘው እጃችሁ ብቻ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አንሡት፣ አንጓችሁ ከተንቀጠቀጠ ከብዷችኋል፤ ሚዛን ላይ ቀላል ቢሆን እንኳ ክብደቱ ወደ ጫፉ ካጋደለ አትውሰዱት ብለውን ነበር። የእኔ አንጓ ሲንቀጠቀጥ ፈገግ ብለው አልፈዋል፤ ሰላምታ የሰጠሁዎት መስሎዎት ይሆናል።

ሦስተኛው ነው እንቅልፍ የነሣኝ። ያቺ ቀላል መምቻ የመጣች ዕለት ከሁሉ አስቀድመው ለእኔ አሳዩኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ሳነሣት አንጓዬ ንቅንቅ አላለም። ትፈልጊያታለሽ ወይ ብለው ሲጠይቁኝ፣ እናቴ እንዳሳደገችኝ፣ ይቅርብኝ፣ ለሌሎች ትሁን አልሁ። በእኛ ዘንድ ይቅርብኝ የነገሩ መጀመሪያ ነው፤ ከዚያ እርስዎ በሞቴ ይላሉ፣ እኔ እምቢ እላለሁ፣ እርስዎ ይቆጣሉ፣ እኔም እያፈርሁ እቀበላለሁ። እርስዎ ግን እሺ ብለው ዞር አሉ። ረሆቦት እዚሁ ያደገች ናትና፣ ገና ሳይጨርሱላት፣ ያ፣ ግራግ ብላ፣ ማለትም አዎ በደስታ ብላ፣ ወሰደቻት። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል የተባለው ለካ ለእኔ ኖሯል።

ክቡር ሆይ፣ እሑድ ከሮተርዳም ቡድን ጋር በምናደርገው ግጥሚያ ካልመታሁ ከሁለተኛው ቡድን እንደምወጣ ተነግሮኛል። በዚህ አገር ከሥራና ከእንቅልፍ ሌላ ያለኝ ያ ሜዳ ብቻ ነው። እዚያ ስደርስ ስሜን የሚጠሩኝ ሰዎች አሉ። እሱንም ካጣሁ ምን እንደምሆን አላውቅም፤ ጨንቆኛል።

መጋዘን ውስጥ ሌላ ቀላል መምቻ እንዳለች ረሆቦት አይታለች። ይስጡኝ አልልም፤ አሁንም አፌ አይታዘዝልኝም። እርስዎ ብቻ እንደገና ይጠይቁኝ።

በቸርነትዎ ትከሻዋን ያጣች፣ ይሉኝታዋን ግን ማጣት ያቃታት፣ እስከ እሑድ ድረስ የሁለተኛው ቡድን መካከለኛ ተጫዋች፣
ሽታዬ ማንደፍሮ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት በር ላይ አግኝተውኝ፣ የእሑድ ቦታሽን ለሌላ ብሰጥ ቅር ይልሻል ወይ ብለውኝ ነበር፤ እኔም ኧረ ምንም አይደል ብዬ ስቄ ሄድሁ። ቅር ይለኛል፣ ክቡር ሆይ፤ ትራም ውስጥ ገብቼ አልቅሻለሁ። እዚያ ትራም ላይ ያለው ተቆጣጣሪ እንኳ፣ ሊቀጣኝ ፈልጎ፣ ትኬቴን ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል።