የበግ ሞራ ለሚጠጣው ካሚዮን ጌታ

ለክቡር ሲኞር ካፒታኖ፣ በደብረ ብርሃን የካሚዮኖች ግቢ አዛዥ፤

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የአገራችን ውርጭ ጆሮዎን ሳይቆርጠው አድረው እንደሆነ እኛ ጎረቤቶችዎ እጅግ ደስ ይለናል፤ ጆሮዎ ለዚህ ደብዳቤ ያስፈልጋልና። ይህን ለሚያነቡልዎት አስተርጓሚም ጤና ይስጥልን፤ ስድብ የመሰላቸውን ሁሉ ምስጋና አድርገው እንደሚያሰሙልዎት እናውቃለን።

አስቀድሜ ስለ ጥበብዎ አመሰግናለሁ። ናፍታ ከባሕር ማዶ እንደ ልብ አልመጣ ቢልዎት፣ ከየቤታችን የበግና የበሬ ሞራ ሰብስበው፣ በበርሜል አቅልጠው፣ ከአረቄያችንና ከአንድ የሚያቃጥል ነጭ ዱቄት ጋር አዋህደው ካሚዮን የሚያስኬድ ነዳጅ አወጡ። እኛ ሞኞቹ ሞራውን ለጠፍር ማለስለሻ፣ አረቄውን ለመጠጥ ስናባክነው ኖረናል። ነገር ግን ጥቂት ቅሬታ አለኝ።

፩ኛ፤ ያለንበት ወቅት የነቢያት ጾም ነው። ካሚዮንዎ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ባለፈ ቁጥር የጥብስ ሽታ ይለቃል። አባ ወልደተንሣኤ እየቀደሱ አፍንጫቸውን በነጠላ ይይዛሉ፤ ዲያቆኑ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ውስጥ ሲስብ አይቼዋለሁ። የሰፈሩ ውሻም ካሚዮኑን ተከትሎ ስለ ሄደ ደጃችንን የሚጠብቅልን የለም።

፪ኛ፤ የክርስቲያኑንና የእስላሙን ሞራ ባንድ በርሜል ቀላቅለዋል። የአልዩ አምባው ነጋዴ ሐጂ ፈረጅ ይህን አይተው «ወላሂ፣ የክርስቲያን ነው የእስላም ነው ሳይል የሚበላ በአገሩ ይኸ መኪና ብቻ ነው» አሉና የጨው ጭነታቸውን በአህያ አድርገው ሄዱ። አህያዋ በሰላም ደብረ ሲና ገብታለች። ስለ ካሚዮንዎ ይህን ለማለት ባለመቻሌ አዝናለሁ።

፫ኛው ከሁሉ ይከብዳል። ጎረቤታችን ጋሽ ገብረመንፈስቅዱስ ሞራ አንባቢ ናቸው፤ በግ ሲታረድ ሞራውን ወደ ብርሃን ዘርግተው የሚመጣውን ይናገራሉ። ወታደሮችዎ የቤታቸውን ሞራ ሊወስዱ ሲመጡ እንደ ልማዳቸው ዘርግተው አዩና «ይህ ካሚዮን ጣርማ በርን አያልፍም» አሉ። በማግስቱ ማለዳ ካሚዮንዎ ጣርማ በር አፋፍ ላይ ቆመ፤ ቢገፉት፣ ቢሰድቡት ንቅንቅ አልል አለ። እርስዎም፣ ነዳጁ ውስጥ አንድ ነገር ጨምረዋል ብለው ሰውየውን አሰሯቸው፤ ቅዳሜ ለፍርድ ወደ አዲስ አበባ ይላካሉ ተብሏል። ሚስታቸው ወይዘሮ ይመኙሻል ስንቅ ይዘው በግቢዎ በር ቆመው ይውላሉ።

ክቡር ሆይ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ ጋሽ ገብረመንፈስቅዱስ የተናገሩት ደርሶ አያውቅም። እኔን ቄስ ትሆናለህ ብለውኝ ነበር፤ ዳዊት ሳልጨርስ ተባረርኩ። ጎረቤቴን ደመቀችን መንታ ወንዶች ትወልጃለሽ ብለዋት አንዲት ሴት ልጅ ታቀፈች። ይህን አንዱን ያወቁት ከሞራው አይደለም። በውርጭ ማለዳ የበግ ወጥ የበላ የደብረ ብርሃን ሰው ሁሉ፣ ስቡ ሳህኑም ላይ ከንፈሩም ላይ እንደሚረጋ ያውቃል። የካሚዮንዎ ነዳጅም ረግቶ ጉሮሮውን ዘጋው እንጂ ማንም አልነካውም። የግድ የሚታሰር ካስፈለገ ውርጩን ይሰሩልን፤ መንደሩ በሙሉ ገመድ ይዞ ይወጣል።

ስለዚህ ሰውየውን ከቅዳሜ በፊት ለሚስታቸው እንዲመልሱልን፣ እስከ መሬት ዝቅ ብዬ እለምናለሁ፤ መሬቱ ስለሚቀዘቅዝ ግን ብዙ አልቆይም።

ሞራውን አስረክቦ፣ አረቄውን ተነጥቆ፣ ሽታው ብቻ የቀረለት ታዛዥ ጎረቤትዎ። ስሜን ያልጻፍኩት እንዳይደክሙ ብዬ ነው፤ ዳዊት ሳይጨርስ የተባረረ በዚህ ከተማ ብዙ ነውና በዚያ ምልክት አይፈልጉኝ።

የተረሳ ነገር፤ ይህን ደብዳቤ በግቢዎ በር ላይ የለጠፍኩት ከበርሜልዎ በቀዳሁት በዚያው ነዳጅ ነው፤ ምስማርም ሙጫም አላስፈለገኝም። ማለዳ ሲወጡ ተጣብቆ ካገኙት ጋሽ ገብረመንፈስቅዱስ ንጹሕ ናቸው። ወድቆ ካገኙት ደግሞ ፀሐይ አቅልጣዋለች ማለት ነውና፣ እስከ አምስት ሰዓት መተኛትዎን ለአለቆችዎ አንናገርም።