ግድግዳው ያሰማኝ

ይድረስ ለልጄ ለታቢሽ፣ ከሰላምታዬ ናፍቆቴ ቀድሞ አንተ ካለህበት ከመስካት ከተማ ይድረስልህ። እኛ እዚህ ህንድ፣ ላክናው ከተማ፣ አላህ ይመስገን፣ ደህና ነን።

አባትህ ዛሬም እንግዳ ያስጎበኛል። ሰሞኑን እኔን እንደ ድሮው «የታቢሽ እናት» ብሎ መጥራቱን ትቶ «አንቺ» ብቻ ይለኛል፤ ሰው ሲያረጅ ቁጥብ ይሆናል መሰለኝ። ማክሰኞ ዕለት እሱ የሚያስጎበኘውን ጥንታዊ የሐዘን አዳራሽ፣ ኢማምባራውን፣ እኔም ልይ ብዬ ተከተልኩት።

«ስንት ዘመን ደጁ ኖረሽ ዛሬ አማረሽ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ፎቁ ላይ፣ ከዚያ ጨለማ መተላለፊያ መሃል፣ መንታ መንገዱ ጋ ሲደርስ ቆመ። «በሉ መንገዱን እናንተ ፈልጉት!» አላቸው። እንግዶቹ ጨዋታ መስሏቸው ሳቁ። እኔ መውጫው ንፋስ በሚመጣበት በኩል ነው ብዬ ቀደም አልኩና ሳልኩ፤ ድምፄን ተከተለ።

ከዚያ እንደ ልማዱ እኛን በረንዳው ላይ አቁሞ ከአዳራሹ ማዶ ተሻገረ። እዚያ ያንሾካሸኩትን እዚህ ግድግዳው ያሰማል። ጆሮዬን ለጥፌ ብጠብቅ፣ ብጠብቅ ዝም አለ። በመጨረሻ፦

«የታቢሽ እናት፣ ሻይ አላማረሽም?»

ልጄ፣ እፎይ አልኩ! ስኳር የተከለከለውን ሰውዬ ያን ቀን ጣፋጭ ሻይ ጋበዝኩት።

በል ሰላም ሁንልኝ፤ ለዒድ ብትመጣ ደስታችን ነው። ለአባትህ ስትደውል ግን «ታቢሽ ነኝ» ብለህ ጀምር፤ መስመሩ አንዳንዴ ጥሩ አይሰማም።

እናትህ ነሲማ