ኮልቢ ያልጠየቀኝ ጥያቄዎች

ማክሰኞ፣ ማርች 4
ዛሬም ሆዴን ታመምኩ። በደሞዝ፤ የሕክምና ተማሪዎች እንዲለማመዱብኝ ታማሚ መስዬ እተኛለሁ። ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት አምስት ተማሪዎች እየተፈራረቁ ቀኝ ጎኔን ተጫኑኝ። የሐሞት ጠጠር ነው፤ የተሰጠኝ ካርድ እንደዚያ ይላል። የመጨረሻዋ ልጅ እጇ በረዶ ነበር... ከልቤ ጮኽኩ። "ጎበዝ ታማሚ" ተብሎ ተጻፈልኝ።

ከቅርጫት ውስጥ ስለ ጉበት የተጻፈ ወረቀት አነሳሁ። ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ የማውቀውን ሁሉ ከእንዲህ ያለ ውዳቂ ወረቀት ነው የለቀምኩት። ይህንንም የምጽፈው በጀርባው ላይ ነው።

ዓርብ፣ ማርች 14
የሰኞ ተፈታኞችን ስም ዝርዝር አየሁ። ኮልቢ አለበት። የጎረቤቴ የሬቫ ልጅ።

ይህ የመጨረሻ ፈተናው ነው። ካለፈ በሜይ የሐኪም ረዳት ሆኖ ይመረቃል፤ ይመረምራል፣ መድኃኒት ያዝዛል። ከዚያ ወደ እኛ ክሊኒክ። አሁን የሚከፈተው ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው። ሬቫ ለመስኮቶቹ መጋረጃ ሰፍታ ጨርሳለች።

ተማሪውን የሚያውቅ ታማሚ ቀድሞ መናገር አለበት፤ በሌላ ሰው ይቀየራል። የሚፈረምበት ወረቀት አለው። እኔ ግን... የሚያውቀው ፊት ሲያይ ልቡ ይረጋጋል ብዬ አሰብኩ። "አላውቀውም" ብዬ ፈረምኩ።

ሰኞ፣ ማርች 17
ገባ። አየኝና ቆመ። እጁን እየታጠበ ቀስ ብሎ፣ "እንዴት አደርሽ እትዬ ቬልዳ?" አለኝ። ካርዴ ላይ ያለው ስም ካረን ነው።

የት እንደሚያመኝ ጠየቀ። መቼ እንደጀመረኝ ጠየቀ። እጁ ለስላሳ ነው፤ ሕመሙን ቶሎ አገኘው። ግን ከማን ጋር እንደምኖር አልጠየቀም። አባቴ በምን እንደሞተ አልጠየቀም። አጨስ እንደሆነ፣ እጠጣ እንደሆነ... ምን ብሎ ይጠይቀኝ? የባሌን የሆበርትን ሬሳ ሳጥን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነው። ደግሞስ በእኛ ወንዝ ዳር ትልቅ ሴት "ትጠጫለሽ ወይ?" ተብላ ትጠየቃለች?

ካረን ትጠጣለች። ባልም አላት።

ሲወጣ ቅጹን ሞላሁ። "ጠየቀ"፣ "አልጠየቀም"። አራት "አልጠየቀም"። አንድ ውሸት ፈርሜያለሁ፤ ለሁለተኛው እጄ እምቢ አለኝ።

ሐሙስ፣ ማርች 20
ወደቀ። ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ይደግማል።

ማታ ደወለልኝ።
"እትዬ፣ እንዳይከፋሽ። ጥፋቱ የኔ ነው። የተኛችው ካረን ናት፤ እኔ ያየሁት አንቺን።"
"ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?"
"ሆበርት አብሮሽ ይኖራል ወይ ልበልሽ?"
ሳቀ። 
"ብቻ ለማንም እንዳትናገሪ፣ እሺ?"

ለእንጀራዬ አስቦ ነው አልኩ።

ሰኞ፣ ማርች 24
ሦስት ቀን አሰብኩበት። በእኔ ዝምታ ልጁ ይውደቅ? የፈተናው ኃላፊ ወይዘሮ ፕሩዊት ቢሮ ገባሁና ሁሉንም ነገርኳት። ጎረቤቴ ነው፣ ሳይወለድ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ ያንን ፈተና ሰርዙለት አልኩ።

መነጽሯን አወለቀች። ከመዝገቡ ውስጥ አንድ ወረቀት አውጥታ ወደ እኔ ገፋችው።
"እሱም ፈርሟል፣ ቬልዳ።"

ተማሪዎቹም ሲወጡ እንደሚፈርሙ አላውቅም ነበር። የኮልቢ እጅ ጽሑፍ ነው። "ታማሚዋን አላውቃትም።"

"ለእኔ ብሎ ነው። ሥራዬን እንዳላጣ ብሎ።"
"ይገባኛል።"
"ታዲያ?"
"የወደቀን አስተምረዋለሁ። የሚያውቀውን አላውቅም ብሎ የሚፈርም ሰው ግን ታማሚ ዘንድ ብቻውን እንዴት እልካለሁ?"
"መጀመሪያ የዋሸሁት እኔ ነኝ እኮ።"
"አንቺ አትመረቂም።"

ዝም እንድል የለመነኝ ለዚህ ነበር። እኔ ስለ እኔ መሰለኝ...

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 2
ኮልቢን አባረሩት። እኔን አላባረሩኝም። "እውነቱን በራስሽ ፈቃድ ስለነገርሽን" አሉ።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 3
ሥራውን ተውኩ።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 5
ከተማ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ የትምህርት ቤቱን ገጽ አየሁ። ባላየው ይሻለኝ ነበር። የገቡ 34። የተመረቁ 33። የፈቃድ ፈተናውን በመጀመሪያው ሙከራ ያለፉ፣ ሁሉም። ከሥሩ የትምህርት ቤቱ ግብ፦ "ተመራቂዎቻችን የተራራውን ሕዝብ ያገለግላሉ።" ትይዩ ላይ፣ "ተሳክቷል።"

አንዷ ተራራ ላይ ሥራ ገብታለች፣ እውነት ነው። የእኛ ሳይሆን ሀብታሞች በበረዶ የሚንሸራተቱበት ተራራ። የቀሩት ከተማ ናቸው።

ያልተመረቀው አንዱ "በሌላ ምክንያት" ይላል። ሌላ ምክንያት እኔ ነኝ። ኮልቢ አሁን ኦሃዮ ውስጥ መጋዘን ሳጥን ይጭናል።

የእኛ ክሊኒክ ሐሙስም መከፈቱን አቁሟል።

እሑድ፣ ኦገስት 17
ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ግቢው ውስጥ ምሳ ነበር። ባቄላና የበቆሎ ዳቦ ይዤ ሄድኩ። ሬቫ ከኤፕሪል ጀምሮ አላናገረችኝም ነበር። ዛሬ ሳህኗን ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። 

"ኮልቢ በየሳምንቱ ይደውላል" አለች። "ሁሌም ያው ነው። 'እማዬ፣ እትዬ ቬልዳን አትቀየሚያት፣ ለእኔ ብላ ነው።'"
"እግዚአብሔር ይስጠው።"
"እሺ እለዋለሁ። አራት ወር ሙሉ እሺ አልኩት።" ባቄላውን በሹካዋ ወዲያ ወዲህ አለችው። አልቀመሰችውም። "ዛሬ ጠዋት ግን ልዋሸው አልቻልኩም። አለመቀየም አልሆነልኝም አልኩት። ከሰው ከምትሰሚው ከኔ ስሚው ብዬ ነው።"
"ደግ አደረግሽ" አልኳት።
"በደጄ ስታልፊ የእግርሽን ኮቴ አውቀዋለሁ፣ ቬልዳ። ሥራዬን ጥዬ እቀመጣለሁ።"

ሳህኗን ይዛ ተነሳች። 

ወደ ቤት የተመለስኩት በሬቫ ደጅ በማያልፈው በላይኛው መንገድ ነው። ዳገት አለው፤ ሃያ ደቂቃ ይረዝማል። ከእንግዲህ በዚያ ነው የምሄደው።